ከባህር ዳርቻ ዓሣ ማጥመድ ለምትጀምሩ

ሰላም ውድ አባላት፣

ከባህር ዳርቻ ሆነን ዓሣ ማጥመድ ልንጀምር ነው የምትሉ በርክታችኋል። ደስ ይላል! ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ግን ትንሽ እናውራ።

ለጀማሪ አንድ የማጥመጃ ዘንግ ይበቃል። ርዝመቱ ከ3.6 እስከ 4.2 ሜትር፣ ከ100 እስከ 150 ግራም እርሳስ (ክሩ ላይ የሚታሰረው የብረት ክብደት) የሚወረውር ይሁን። ውድ መሆን የለበትም። ክር ላይ ግን አትሰስቱ። ከዋናው ክር ጫፍ ወፍራም ክር ቀጥሉ፤ ለ150 ግራም እርሳስ 25 ኪሎ ገደማ የሚችል። ቀጭኑ ክር በውርወራው ጉልበት ከተበጠሰ እርሳሱ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ኋላችሁን እዩ።

ዋናው ነገር ቦታው ነው። የባህር ውሃ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። በጎደለ ሰዓት ሂዱና ዳርቻውን በደንብ እዩት። አሸዋው የጎደጎደበትን፣ ድንጋይ ያለበትን ፎቶ አንሱ። ውሃው ሲሞላ ዓሣው ምግብ ፍለጋ እዚያ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ሩቅ ለመወርወር ይታገላል፤ ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ እግሩ ስር ነው። ሞገዱ አሸዋውን ሲገለብጠው ትሎችና ትንንሽ ሸርጣኖች ይወጣሉ፣ እሱም እነሱን ይለቅማል። የውሃው መሙላት ከምሽት ጋር ሲገጥም ደግሞ በጣም አሪፍ ነው።

መንጠቆው ላይ የባህር ትል ወይም የስኩዊድ (እንደ ኦክቶፐስ ያለ የባህር እንስሳ) ቁራጭ ሰኩ። የመንጠቆው ጫፍ ብቅ ይበል፤ ከተሸፈነ ዓሣው በልቶ ላሽ ይላል።

ማታ ብቻችሁን አትሂዱ። ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ። የፈቃድና የዓሣ መጠን ደንቡንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ክር አቋጣጠር በሚቀጥለው እጽፍላችኋለሁ።