«አላየሁህም»

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የሞተር ሳይክል አደጋ ዜና ሳነብ ሁለት ጥያቄ አይጠፋበትም። ሄልሜት አድርጎ ነበር? ይፈጥን ነበር? መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሄልሜት ነፍስ ያተርፋል። ግን የመኪናው ሹፌር ምን ሲያደርግ እንደነበር ማን ይጠይቅልን?

ሥራ የምሄደው በሞተር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ መኪና ድንገት ታጥፎ መንገዴን ዘጋብኝ። ፍሬን ይዤ ለጥቂት ተረፍኩ። የሹፌሩ ስልክ ጭኑ ላይ እንደበራ ነው። «አላየሁህም» አለኝ። መብራቴ በርቷል። ጃኬቴ ብርቱካናማ ነው!

የኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ የሆነው የሎስ አንጀለስ ጥናት 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነፈገው የሌላኛው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር።

ዜናው ግን «ሞተር ሳይክሉ ከመኪና ጋር ተጋጨ» ብሎ ያልፋል። የሚያጠፉ ሞተረኞች አሉ፣ አልክድም። እነሱንም ጻፉባቸው። ሹፌሩ ታጥፎበት ከሆነ ግን «ታጥፎበት» በሉ። የሟች እናትም ያንን ዜና ታነባለች።

ሞተረኛ አንባቢያችሁ