ድድዎ ደማ ብለው ክሩን አይጣሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የጤና አምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። ስለ ጥርስ በጻፋችሁ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድልብኛል። "በቀን ሁለቴ ይቦርሹ፣ ጣፋጭ ይቀንሱ" ትሉና ታበቃላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ክፋት የለውም። በጥርስና በጥርስ መሃል ስላለው ቦታ፣ እሱን ስለሚያጸዳው የጥርስ ክርም ግን አንድም ቃል አላየሁም። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ነው የምውለው፣ እና ብዙ ጊዜ የድድ ሕመም የሚጀምረው ከዚያው ከመሃሉ ነው።

እኛ ጋ የሚመጣው ሰው የከተማው ብቻ አይደለም። ከመንዝ ይመጣል፣ ከአንጎለላ ይመጣል፣ ከጣርማበር ወዲያም ይመጣል። አብዛኛው የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በቅርቡ አንድ አባት መጥተው "ልጄ፣ ይቺን ነቅላችሁ ገላግሉኝ" አሉ። ጥርሳቸውን ሳየው ነጭ ነው፣ አልተቦረቦረም፣ አልጠቆረም። በጣት ሲነካ ግን ወዲህ ወዲያ ይላል። "ትል አልበላት፣ ምን ሆና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የሆነው ይሄ ነው፦ ጥርሱ ደህና ነው፣ ይዞት የነበረው አጥንት ነው ያለቀው። ድዱ ለዓመታት ሲደማ፣ ሲያብጥ፣ ሲሸሽ ኖሮ በመጨረሻ የሚይዘው አጣ። ሰው ጥርስ የሚወልቀው ሲበሰብስ ብቻ ይመስለዋል። ያልተበላ ጥርስም ይወልቃል፣ እኔ በየጊዜው አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ ሁልጊዜ የምትለጠፍ ቀጭን ሽፋን አለች። ጠዋት ሳይቦርሹ ጥርስዎን በምላስ ሲነኩት የሚያሙለጨልጨው እሷ ናት። ሐኪሞቹ ፕላክ ይሏታል። የምግብ ትራፊ ብቻ እንዳትመስልዎ፣ የተከማቸ ባክቴሪያ ነው። ካልተጠረገች ከምራቅ በምታገኘው ማዕድን እየጠጠረች ትሄድና የጥርስ ድንጋይ ትሆናለች። ለዚህ ደግሞ ወራት አያስፈልጋትም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠጠር ትጀምራለች። ብሩሽ የጥርሱን ፊት፣ ጀርባና ማኘኪያውን ያጸዳል። ሁለት ጥርስ ተጠጋግቶ የሚነካካበት ቦታ ግን የብሩሹ ፀጉር አይገባም። የወይራ መፋቂያም ቢሆን እዚያ አይደርስም፣ መፋቂያ የምወድ ሰው ሆኜ ነው ይህን የምለው።

ድድ የሚቆጣው በዚህች ሽፋን ምክንያት መሆኑ ደግሞ በግምት የተባለ አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ ሃራልድ ሎ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 12 ጤነኛ ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ውስጥ ተመለሰላቸው። እኔ ይህን ታሪክ ለታካሚ ሁሉ ነው የምነግረው፣ ምክንያቱም ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያሳያል። ድድ ቶሎ ይታመማል፣ በጊዜ ከተደረሰለት ግን ቶሎ ይድናል። አጥንቱ መጎዳት ከጀመረ በኋላ ግን እንደዚያ አይደለም። ያለቀ አጥንት በክርም ሆነ በብሩሽ አይመለስም፣ ማድረግ የሚቻለው የቀረውን ማዳን ነው።

አሁን ሰው በጥርስ መሃል ምን እንደሚያስገባ ልንገራችሁ። ስቴኪኒ፣ የክብሪት እንጨት፣ ስንጥር፣ መርፌ። አዎ፣ መርፌ። ፆም ተፈትቶ ጥሬ ሥጋ በተበላ ማግስት የሚመጡትን ብታዩ ድዳቸው ተወግቶ፣ ተቧጭሮ ነው የሚመጡት። ስቴኪኒ የተሰነቀረውን ሥጋ ያወጣ ይሆናል፣ የተለጠፈውን ፕላክ ግን ከጥርሱ ጎን ጠርጎ አያነሳም። መርፌውንማ እባካችሁ ተዉት። ሌላው ቆሎ ነው። አገራችን የገብስ አገር ነው፣ ቆሎ የሌለበት ቤት የለም። ከገብሱ ላይ ያልተራገፈች ስስ ገለባ ድድና ጥርስ መሃል ሹልክ ትልና ከድዱ ሥር ትቀመጣለች። ሰውየው አያያትም። በማግስቱ እዚያው ቦታ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። አንዷን ልጅ ሳያት ጉንጯ አብጦ ነበር፣ ቅርንፉድ ነክሳ፣ አረቄ ተጉመጥምጣ ነው የመጣችው። በክር ቀስ ብለን ስንስበው የጥፍር ቁራጭ የምታክል ገለባ ወጣች። አረቄው ድዷን አቃጠላት እንጂ ገለባዋን አላወጣላትም።

ስለዚህ ወደ ክሩ ልምጣ። የጥርስ ክር የምለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ነው። የልብስ መስፊያ ክር አይሆንም፣ ይበጣጠሳል፣ ቁራጩ እዚያው ይቀራል፣ ሲስቡት ደግሞ ድድ ይቆርጣል። አሁን የምጽፈውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ክር ገዝቶ የሚጠቀመው ሰው እንኳ አብዛኛው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚጠቀመው።

አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡ፣ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በዛ አለ ብለው አይሳሱ፣ ለየጥርሱ ንጹሕ ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው። አብዛኛውን በአንዱ እጅ የመሃል ጣት ላይ ይጠምጥሙት፣ ትንሹን በሌላኛው እጅ የመሃል ጣት ላይ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወጠር አድርገው ይያዙት፣ በሁለቱ እጆች መሃል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቅር። ሁለቱ ጥርስ የተጣበቀበት ጋ ሲደርሱ ወዲህ ወዲያ እያሉ በዝግታ ያሳልፉት። በጉልበት አይጫኑት። ሰው ድዱን የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ ክሩ እምቢ ሲለው ጭብጥ አድርጎ ይስበዋል፣ ክሩ "ጧ" ብሎ ገብቶ ድዱን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ "ክር ድድ ያደማል" ይላል።

ክሩ ካለፈ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ወገብን እንደሚያቅፍ መቀነት ክሩ አንዱን ጥርስ በጎኑ ይቀፈው። እንደዚያ አቅፎት ሳለ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ እስኪቆም ድረስ በለሆሳስ ያስገቡትና ከዚያ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይሳቡት። ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ፣ እንደዚያ አራት አምስት ጊዜ። ወደ ጎን አይግዘግዙ። ጤነኛ ድድ ጥርሱን ሲያቅፍ ከጠርዙ ሥር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላት ስንጥቅ አለች፣ ፕላኩ የሚደበቀው እዚያች ውስጥ ነው፣ ክሩም መድረስ ያለበት እዚያ ነው። አንዱን ጎን ሲጨርሱ ክሩን ሳያወጡ፣ መሃል ላይ ሾል ያለችውን ድድ አሻግረው የጎረቤቱን ጥርስ ይቀፉ። ያው አንድ ክፍተት ሁለት ጎን አለው፣ አንዱን ጠርጎ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። ከዚያ ክሩን ፈታ አድርገው ወደ ንጹሕ ቦታው አዙረው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። የመጨረሻውን የመንጋጋ ጥርስ ጀርባም አይርሱ፣ ከጀርባው ጥርስ ባይኖርም ፕላክ አለው።

በቀን አንዴ ይበቃል። እኔ ማታ ከመተኛት በፊት እላለሁ፣ ከመቦረሹም ቀደም ብሎ፣ ምክንያቱም መሃሉ ከተከፈተ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ ገባ ይላል። ጠዋት የሚመቸው ጠዋት ያድርገው፣ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ደሙ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ዋናው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው በመጀመሪያው ቀን ክር ያስገባል፣ ይደማል፣ ይደነግጣል፣ ይተወዋል። "ድዴ አልቻለውም" ይላል። ብሩሹንም ሳይቀር በዚህ ምክንያት የሚተዉ አሉ። የሚደማው ግን አስቀድሞ የተቆጣ ድድ ነው። ክሩ በትክክል ከገባ በሽታውን አሳየ እንጂ አላመጣም። በየቀኑ ሲቀጥሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ውስጥ ደሙ እየቀነሰ ይቆማል። ቀይና እብጥ ያለው ድድ ጠበቅ ይላል፣ አፍ መሽተቱም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከቆየ፣ መግል ካለ፣ ጥርስ ረዘም ያለ ከመሰለ ወይም ከተነቃነቀ ግን ቤት ተቀምጦ ክር መሳብ ብቻ አይበቃም፣ ይምጡ፣ ይታዩ። ሲጋራ ለሚያጨሱ ደግሞ ለብቻ ላስጠንቅቅ። ማጨስ የድዱን መድማት ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ድዳቸው ታሞም ላይደማ ይችላል፣ አልደማም ብለው እንዳይዘናጉ።

ክር የጠጠረውን ድንጋይ አያነሳም፣ እሱን የሚያነሳው በክሊኒክ ጥርስ ማሳጠብ ነው። "ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል" የሚለውን ወሬ በየቀኑ እሰማለሁ። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ ሲነሳ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ተደፍኖ የነበረው ክፍተት ይታያል፣ የተገለጠውም ሥር ለጥቂት ቀን ቅዝቃዜ ይሰማዋል። በደብረ ብርሃን ጠዋት የቧንቧ ውሃ የተጉመጠመጠ ሰው ያውቀዋል፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን እኮ። ጥርሱ ግን አልሳሳም።

አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች ደግሞ "ክር ጥቅም እንደሌለው ኢንተርኔት ላይ አንብበናል" ይሉኛል። ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የክር ማስረጃ ደካማ ነው የሚል ዜና ወጥቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። እውነት አለው፣ ጥናቶቹ አነስተኛና አጭር ናቸው። በ2019 ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት ሰብስቦ ሲያያቸው ግን ከብሩሽ ጋር ክር መጠቀም ብሩሽ ብቻ ከመጠቀም ይልቅ የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ዝቅተኛ እንደሆነ ነው የጻፈው። በጥርስ መሃል የምትገባው ትንሽዬ ብሩሽ ደግሞ ከክሩ ልትሻል እንደምትችል ጠቁሟል። እኔም በሥራዬ ሳየው ክፍተታቸው ሰፋ ላለ፣ ድዳቸው ለሸሸ ሰዎች ትንሿ ብሩሽ ትሻላለች። ጥርሳቸው ጥቅጥቅ ላለ ግን እሷ አትገባም፣ ክር ነው ያላቸው። ማስረጃው ደካማ ነው ማለት መሃሉን አታጽዱ ማለት አይደለም።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁ ይህን ንገሩልኝ። የስኳር ሕመም የድድ ሕመምን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር እህቶችም በእርግዝና ወቅት ድዳቸው በቀላሉ ይቆጣል፣ "ከእርግዝናው ነው" ብለው ማጽዳቱን እንዳይተዉ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ክሩ በየሱቁ አይገኝም። እኛ ከተማ እንኳ ፋርማሲ ሄዶ ጠይቆ ነው፣ ወደ ገጠሩማ አይታሰብም። የፋርማሲና የሱቅ ባለቤቶች፣ ሰው አይጠይቅም ብላችሁ አትተዉት፣ ስለማያየው ነው የማይጠይቀው፣ ከጥርስ ሳሙናው ጎን አስቀምጡት። እናንተም የዝግጅት ክፍሉ ወገኖች ይህን ደብዳቤ ብታወጡት ከጎኑ አንድ ሥዕል ጨምሩበት። ክሩ ጥርሱን በጎኑ አቅፎ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ፣ ትልቅ ተደርጎ የተሣለ ይሁን። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ሲያሳዩአቸው ያዩታል። እኔም ቆርጬ ክሊኒካችን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ