ራዳሩ ባዶ ቢሆንም

ልጄ፣

«የማበረው አውሮፕላን ራዳር ላይ ምንም ስላልነበረ ከነጎድጓድ ደመናው አናት ሥር አለፍን» ብለሽ የጻፍሽው እንቅልፍ ነሳኝ። ራዳሩ ባዶ ነው ብለሽ አትመኚው። ራዳር አጉልቶ የሚያሳየው ፈሳሽ ውሃን ነው፤ ከደረቅ የበረዶ ቅንጣት የሚመለሰው ሞገድ በጣም ደካማ ነው።

የደመና ጠብታ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ አይሆንም። ብቻውን ከሆነ እስከ -38 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቀድሞ እንዲረጋ የሸክላ አፈር ብናኝ ወይም መሰል ነገር ያስፈልገዋል፤ ለዚህ የሚሆን ብናኝ ደግሞ ጥቂት ነው። አንዱ ከረጋ ግን በጎረቤቶቹ ኪሳራ ያድጋል፦ በበረዶ ላይ ያለው የእንፋሎት ግፊት በውሃ ላይ ካለው ያንሳል፤ ስለዚህ ጠብታዎቹ ይተናሉ፣ እንፋሎቱም በረዶው ላይ ያርፋል። -5 አካባቢ መርፌ፣ -15 አካባቢ ባለ ስድስት ክንድ ኮከብ ይሠራል። ኡኪቺሮ ናካያ በ1930ዎቹ በቤተ ሙከራ እያሳደገ ያጠናው ይህንኑ ነው። እንዴት ያምራል መሰለሽ!

ይህ ቅንጣት ቀዝቃዛ ክንፍ ላይ አይጣበቅም፤ ክንፉን አይተሽ ደህና ነን ትያለሽ። በሞቀው ኮምፕረሰር፣ አየር በሚጨምቀው የሞተሩ ክፍል ውስጥ ግን ይቀልጣል፣ ብረቱን አቀዝቅዞ እንደገና ይረጋል፣ ተገንጥሎም ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል።

የኤር ፍራንስ በረራ 447ን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልድገመው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009፣ አትላንቲክ ላይ፣ ፍጥነት የሚለኩት የፒቶ ቱቦዎች ማሞቂያ እያላቸው በበረዶ ቅንጣት ተደፈኑ። የፍጥነት ንባቡ ተዛባ፣ አውቶፓይለቱ ለቀቀ። ንባቡ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ተመልሶ ነበር። አፍንጫው ግን ወደ ላይ ተስቦ አውሮፕላኑ ስቶል ውስጥ ገብቶ፣ ክንፉ መሸከም አቅቶት ነበር። 228 ሰዎች አለቁ። የኔ እናት፣ የፍጥነት ንባቡ ሲጠፋብሽ አፍንጫውን አትሳቢ! መመሪያሽ የሚያዘውን አንግልና የሞተር ኃይል ይዘሽ ጠብቂ።

ውጭው -40 ሆኖ መስታወቱ ላይ ዝናብ የሚመስል ነገር ካየሽ፣ ወይም የሙቀት መለኪያሽ ያለ ምክንያት ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ቅንጣቱ ውስጥ ገብተሻል፤ ራዳሩ ባዶ ቢሆንም ውጪ።

ነገ ማታ የራዳሩን አንቴና ወደ ታች አዘንብለሽ ዝናብ ያለበትን የደመናውን ሆድ ፈልጊ። ካገኘሽው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቢያንስ 20 ኖቲካል ማይል ርቀሽ ዙሪ። የሚፈጀውን ነዳጅ ከመነሳትሽ በፊት አስቢው።