ኩላሊት ለተተከለላቸው ወገኖቻችን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ በጣና ዙሪያና በየደሴቱ ያላችሁ ወገኖች፣ በውጭ ሀገር የምትኖሩ የአካባቢያችን ልጆች፦

ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን የሰጠሁ እህት ነኝ። ወንድሜ የኩላሊት እጥበት ላይ ሳለ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ ይተኛ ነበር። ዛሬ ሠርቶ ይገባል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ያኔ ብዙዎቻችሁ ከሌላችሁ ላይ ቆርሳችሁ አሳክማችሁታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን የምለምናችሁ ግን ከዚያ በኋላ ስላለው፣ እምብዛም ስለማይወራለት ዘመን ነው።

ኩላሊት የተተከለለትን ሰው «ዳነ» ብለን እልል እንላለን። ሰውነቱ ግን የመጣበትን ኩላሊት እንደ ባዕድ ማየቱን አይተውም። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ስኬታማ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሰመረው ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። እንደ እኔና ወንድሜ ላለነው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች የዕድሜ ልክ ቀለብ ናቸው። ታክሮሊመስ ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋዋል፤ ከበዛ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የስኳር በሽታም ሊያመጣ ይችላል። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ሲጀመር ውጭ ሀገር ሄዶ መታከም ለማይችለው ሕዝብ ትልቅ በር ተከፍቷል። የወንድሜም ክትትል አዲስ አበባ ነው። ሳይነጋ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማታ ይገባል። በማግስቱ ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱን ክኒን ሳይውጥ ነው፤ ከዋጠ ውጤቱ ያሳስታል። ስለዚህ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ተራ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አብሬው ተቀምጬ ነበር። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ኪሱን ደጋግሞ ሲዳስስ አየሁት። ደሙ እንደተቀዳ፣ በክንዱ ላይ ጥጡን እንደያዘ፣ ውኃ እስካቀብለው እንኳ ሳይጠብቅ ዋጠው። የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ አጥተው ይህን ቀጠሮ የሚያሳልፉ አሉ። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው።

ሌላው ጭንቀታችን ኢንፌክሽን ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ሳንባ ነቀርሳም ሆነ የሽንት ቧንቧ ሕመም በቀላሉ ይገባል። ባለፈው ዓመት ወንድሜን ሳል ይዞት በአንድ ጤና ተቋም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ተጀመረለት። በሽታውስ በትክክል ተገኝቷል፤ ነገር ግን ከክኒኖቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሰውነት ታክሮሊመስን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ያከመው ባለሙያ ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን አላወቀም፤ ወንድሜም አንዱ ከሌላው ጋር ይጋጫል ብሎ አልጠረጠረም። የኩላሊት መድከም በደም ምርመራ የሚታወቅበት ክሬቲኒን ሽቅብ ወጣ። ኩላሊቱ ለጥቂት ተረፈ። ያን ዕለት ኩላሊት እንደተተከለለትና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የምትናገር አንዲት ካርድ በኪሱ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ስለ ንቅለ ተከላ ችግሮች የተጻፈው ጥናት አብዛኛው የሌላ ሀገር ነው። የእኛ ሰው ቢልሃርዝያ ባለበት የጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ ይገባል። ታንኳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለቆዳ ካንሰር ያጋልጠዋል። ሰርግ ቤት ጥሬ ሥጋ ይቀርብለታል፣ «አልበላም» ቢል ጠሪው ይቀየመዋል። እዚህ ማን ምን እንደገጠመው ካልተጻፈ ሐኪሞቻችን ከምን ይማራሉ?

ስለዚህ ኩላሊት የተተከለልን፣ የሰጠንና ቤተሰቦቻችን ተሰባስበን ሥራ ጀምረናል። መድኃኒቱንና የሚጋጩትን ክኒኖች በአማርኛ የያዘ የኪስ ካርድ እናሳትማለን፤ ለክትትል ለሚሄደው ችግረኛ መሳፈሪያና ማደሪያ እናዘጋጃለን፤ የእያንዳንዱን ሰው የላቦራቶሪ ውጤትና የገጠመውን ሕመም የሚይዝ መዝገብ እንከፍታለን። መዝገቡ ለተመራማሪ የሚሰጠው ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀና የታካሚው ስም ከተሰረዘበት ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ አንደራደርም።

በወር 100 ብር የምትችሉ፣ 100 ብር ስጡን። አዲስ አበባ ቤት ያላችሁ፣ ለአንድ ሌሊት አንድ አልጋ አበድሩን። የምትሠሩበት ኮምፒውተር ከተቀየረ አሮጌው ይበቃናል። ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ በካርዱ ዋጋ እዘኑልን። መዝገቡን በሳምንት አንድ ቀን የሚይዝልን ጡረታ የወጣ ነርስ ብናገኝ ከገንዘቡም ይበልጥብናል።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት አባላት ጣምራ ፊርማ ነው፤ ቁጥሩን ከየእድራችሁ ጸሐፊ ታገኛላችሁ። ገቢና ወጪውን በየሦስት ወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ በንባብ እናሰማለን፤ ደረሰኙንም ለጠየቀ ሁሉ እናሳያለን። ካርዱን ከጥምቀት በፊት ለማድረስ አስበናል፤ ለበዓሉ ከየገጠሩ የሚመጡትን አብረን ስለምናገኛቸው።