ጦርነቱን ያዩ ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ሲወራ ዘወትር የሚነሡት ሱስ፣ ማኅበራዊ ሚዲያና የሥራ ዕጦት ናቸው። ሁሉም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሆኖም በደሴ ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማርሁ እንደ መሆኔ፣ በወሎ ልጆች ላይ ከእነዚህ የሚቀድም አንድ ጉዳይ ተዘንግቶ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝምና ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር ማብቂያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተዋል። ያን ጊዜ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የነበሩት ልጆች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ታናናሾቹን እያዘለ በእግሩ የተሰደደ፣ የጎረቤቱን አስከሬን ያየ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰማ አልጋ ሥር ያደረ አለ። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች መዘረፋቸውንና መውደማቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የንብረቱ ጉዳት በብር ተሰልቶ ሪፖርት ቀረበበት፣ ክፍሎቹ ተጠግነው ትምህርት ጀመሩ። ልጆቹን ግን «ምን አያችሁ? እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ብሎ በሥርዓት የጠየቀ አካል በበኩሌ አላየሁም። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ጉልበቱ ሁሉ ያመለጠውን ትምህርት ወደ ማካካስ ሄደ።

በዚያ ላይ የፈተናው ነገር ከበደ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ባች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሱ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ኩረጃው እንዲቆም እኔም እፈልግ ነበርና ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያመጣውን ውሳኔ አልቃወምም። ነገር ግን ከአንድ የገጠር ቀበሌ ብቻውን አልፎ የሚመጣ ልጅ የቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ሰው ሁሉ ተስፋ ተሸክሞ ነው ዶርም የሚገባው፤ ቢከፋው ለማን ይናገራል? ቤት ሲደውል እናቱ «አብሽር ልጄ፣ አንተ ብቻ በርታልን» ትለዋለች። ጓደኞቹ ጋር ደግሞ ጭንቀቱን ማውጣት እንደ ድክመት ይቆጠርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ገደማ መሆናቸውን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል።

ያስተማርሁት አንድ ልጅ፣ ከክፍሉ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ፣ ከክልሉ ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛው ሴሚስተር ክፍል መግባት አቆመ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ካፌ አይሄድም፣ በር ሲወረወር ይበረግጋል። የዶርም ልጆች ሰነፈ አሉ፤ መምህራኑ የቀረባቸውን ቀናት መዘገቡ፤ ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ተሰጠው፤ በመጨረሻም ተሰናበተ። ሕክምና ያገኘው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ እናቱ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችው፣ ቀጥሎም ወደ ሆስፒታል። ዛሬ ደኅና ነው፤ ትምህርቱ ግን እንደተቋረጠ ቀርቷል። በሕመም ምክንያት ትምህርት አቋርጦ መመለስ በዩኒቨርሲቲዎች ደንብ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ከአልጋው መነሣት ያቃተው ልጅ ሪጅስትራር ሄዶ ቅጽ ይሞላል ብሎ መጠበቅ ደንቡን የለም ከማለት አይለይም።

የጫት ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በወሎ ጫት ከዱዓና ከወዳጃ (በጋራ ተሰብስቦ ከሚደረግ ጸሎት) ጋር የኖረ በመሆኑ ብዙ ወላጅ አይደነግጥበትም። ለፈተና ሌሊቱን ለመንቃት የሚቃመው ግን ሌላ ነው፤ ድሮም እንቅልፍ ያጣውን ልጅ ጨርሶ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ጭንቀቱንም ያባብሰዋል። ልጁን ሱሰኛ ብሎ ከመክሰስ በፊት መጀመሪያውኑ እንቅልፉን ያሳጣው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበርና ጥያቄው ሊዘገይ የሚገባው አይደለም።

ስለዚህ በወሎ ምድር ያሉት የወሎ፣ የወልድያና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌሎቹ ቀድመው አንድ ነገር እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። ተማሪ ሲመዘገብ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ፍርሃቱና ስለ ደረሰበት ነገር የሚጠይቅ አጭር ቃለ መጠይቅ በሠለጠነ ባለሙያ ይደረግለት፤ መልሱም ከውጤቱና ከዲሲፕሊን ማኅደሩ ፈጽሞ ይለይ። የምክር አገልግሎቱ ቢሮ ቅጣት ከሚወሰንበት ሕንፃ ይውጣ፤ የተከሰሱት ተማሪዎች ከሚቆሙበት በር ፊት ተሰልፎ የልቡን የሚናገር ልጅ የለም። ማንም ተማሪ በውጤቱ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ባለሙያ አይቶት ይሁን። ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ቢያጥረው በአቅራቢያው ካለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጋር ተስማምቶ ሊሠራ ይችላል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁን ጠበል ውሰዱት፣ ዱዓ አስደርጉለት፤ ይህ የኖርንበት ነውና ማንም አይከለክላችሁም፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን በዚያ ምክንያት አታስቋርጡት።

ጋዜጣችሁም የሦስቱን ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዲኖች ጠይቆ፣ ስንት የምክር ባለሙያ እንዳላቸውና ቢሮው የት እንደሚገኝ በሚቀጥለው ምዝገባ ዋዜማ ለወላጆች ቢያስነብብልን ትልቅ ውለታ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከደሴ