ሁሉን የሚያነድድ ምድጃ
የተራራ ጉዞና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ችግኝ ተክለናል፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ አጽድተናል፤ ግንቦት 28 ቀን የዓለም የአካባቢ ቀንን በጥያቄና መልስ ውድድር አክብረናል። እነዚህ በየዓመቱ የሚሠሩ ስለሆኑ በዚሁ ልለፋቸው። የክበባችን አባላት ዘንድሮ ልባቸውን የሰጡት ግን ከመዳፍ ብዙም ለማትበልጥ አንዲት ምድጃ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጮቄ ተራራው ጉዞ ነው። በመስከረሙ ስብሰባ የምግብ ኮሚቴው «እንጨቱን እዚያው እንለቅማለን» ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ብዙ አልሄደም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ «ጨሞጋና ሙጋ የሚመነጩበት ተራራ ይጠበቅ እያልን የአስታውን ዛፍ ቆርጠን ሽሮ ልንሠራ ነው?» ስትል ቤቱ ጭጭ አለ። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰልም ታስቦ ነበር። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ግን ያን ሁሉ ጆንያ ማን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል? በዚህ መሐል በውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን የላከልን ምድጃ ደረሰ። የስዊድኑ ፕሪመስ ሥሪት ሲሆን ቤንዚንም፣ ላምባም፣ ናፍጣም፣ በጣሳ የታሸገ ጋዝም ያነድዳል። ልጆቹ «ሁሉን ይበላል!» ብለው ፈነደቁ። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነበር። አንድ ነዳጅ ብቻ የሚያነድድ ምድጃ ምርጫውን ራሱ ይጨርስልሃል፤ ይህኛው ግን ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ያለ ክብሪት አለፈ። ምድጃውን ፈትተን ገጠምን። ነዳጁ ከአሉሚኒየም ጠርሙሱ በፓምፕ አየር ተገፍቶ በቱቦ ይመጣል፤ በጋለው ማቃጠያ ውስጥ ሲያልፍ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ከዚያ በአንዲት ጠባብ አፍንጫ ይተፋል። ከምድጃው ጋር ሦስት አፍንጫዎች መጥተዋል፤ 45 ለታሸገ ጋዝ፣ 37 ለቤንዚን፣ 28 ለላምባና ለናፍጣ። ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚናገር ነው። ወፍራሙ ነዳጅ በጠባቡ ቀዳዳ መውጣቱ ለብዙዎቹ አልዋጥ ብሏቸው ነበር። ከባዱ ነዳጅ በደንብ ለመንደድ ብዙ አየር ስለሚፈልግ በጥቂት በጥቂቱ መውጣት አለበት። በቤንዚኑ አፍንጫ ላምባ ያነደደ ሰው የሚያገኘው ብጫ ነበልባልና ጥላሸት የለበሰ ድስት ነው።

የነዳጅ ምርጫውን ያስተማርነው በነጭ ወረቀት ነው። ከሦስቱም አንዳንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገን፣ እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። የቤንዚኑ ጠብታ ወዲያው ደርቆ ምልክቱ ጠፋ። የላምባው እየከሰመ ቆየ፤ የናፍጣው ደግሞ እንደ ቅቤ ጠብታ ወዝቶ ቀረ። ከዓይናችን የጠፋው ቤንዚን የት ሄደ? አየሩ ውስጥ ገብቷል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል፤ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ያለ እሳት ጋር ይደርሳል። ላምባ ግን ለዚህ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ ናፍጣ ደግሞ ከ50 በላይ። ከዚህ በኋላ ድምፅ መስጠትም አላስፈለገም፤ የክበባችን ነዳጅ ላምባ ሆነ። ለመለኮስ ያስቸግራል፣ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይቀራል። ለታዳጊ ልጆች ግን ከቤንዚን ፍጥነት የላምባ ዳተኝነት ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ናፍጣውን በጭሱ ምክንያት ለችግር ቀን ትተነዋል። ላምባውንም የምንገዛው ከማደያ ብቻ ነው። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ስሙ ላምባ ይሁን እንጂ ጠባዩ የቤንዚን ነው።

መለኮሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መክፈቻውን ለአፍታ ከፍቶ ማቃጠያው ሥር ያለውን ንጣፍ ማራስ፣ መዝጋት፣ መለኮስ፤ ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ቀስ ብሎ መክፈት። የቸኮለ ሰው ገና ያልተነነ ላምባ ይረጭና የብጫ እሳት ዓምድ ያስነሣል። ማቃጠያው በቂ ሲግል ድምፁ ወደ ጉምጉምታ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ማቃጠያውን በላምባ ፋንታ በአልኮል ማሞቅ ጥላሸት የለውም ብዬ ባስተማርኩ ማግስት አንዱ «መምህር፣ ዳግም አረቄስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳግም አረቄ እሳት እንደሚይዝ አልካድኩም፤ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ግን አይገባም።

በታኅሣሥ ልምምድ ላይ፣ ከመለኮስ በፊት፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፓምፑ ከጠርሙሱ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እርጥበት አየ። በጣቱ ቢጠርጋት መልሳ ወዛች። የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። መለዋወጫ እስኪመጣ ምድጃው ቁም ሣጥን ገባ፤ ያኮረፉ ነበሩ፣ ግን ማንም አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ አየር ተሞልቶ ዙሪያው በጣት ሳይዳሰስ ክብሪት ከኪስ አይወጣም። ጠርሙሱን እስከ አፉ አንሞላም፤ አየር የሚገባበትና ነዳጁ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። በጋለ ምድጃ አጠገብ ነዳጅ አይቀዳም። ነጠላና የናይለን ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይታሰራል። አሸዋ በባልዲ ከጎን ይቀመጣል፤ የላምባ እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነዳጁን ማሰራጨት ነውና።

ጮቄ የወጣነው በጥር፣ በሲናን በኩል በረቡዕ ገበያ አድርገን ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ምድጃውን በቆርቆሮ መከለያው ጋረድነው፤ ጠርሙሱን ግን እንዳይግል ከመከለያው ውጪ አስቀመጥነው። ሽሮው ደረሰ፣ ምስሩ ግን እንቢ አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 4,000 ሜትር ላይ ግን 87 አካባቢ ነው። የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ላምባው ብቻ ያልቃል። ለከርሞ ምስሩ ከቤት ተነክሮ ይሄዳል።

ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ልጆቹ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገብተን ሻይ እናፍላ አሉ፤ ብርዱ የኔንም ጥርስ እያንገጫገጨ ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይድን ነገር ማብራራት ሳልጀምር ያቺው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀደመችኝ፤ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ መሆኑን፣ ሰማያዊ ነበልባልም ቢሆን በተዘጋ ቦታ እንደማይታመን ለታናናሾቿ አስረዳች። ከዚያ ጠርሙሱን ገለበጠችው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ነድዶ አልቆ አየር ብቻ ሲወጣ ምድጃው ጠፋ። እራታችን በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ በሶ ሆነ።

ለመጪው ዓመት ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር የጠየቅናቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ላምባው ከመማሪያ ክፍሎች ርቆ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን፣ ትርፍ የጎማ ቀለበቶች፣ አንድ የእሳት መከላከያ ብርድ ልብስ። ሣጥኑን የብረታ ብረት መምህራችን እሠራለሁ ብለዋል፤ ላሜራው ከተገኘ።