የሦስት ዓመት ልጅና የግንባር ሳይነስ

ለአዘጋጁ፦

ጉንፋን የያዘው ሕፃን ግንባሩን በነካ ቁጥር «ሳይነስ ነው» ይባላል። ሳይነስ በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ያለ አየር የያዘ ክፍተት ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግንባር ውስጥ ግን ለመታመም የሚበቃ ሳይነስ ገና የለም። ሕፃን ሲወለድ የሚኖሩት በዓይኖቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ክፍሎችና ጠባቡ የጉንጭ ሳይነስ ናቸው። የጉንጩ ሳይነስ፣ ቋሚ ጥርሶች እየወጡ ሲሄዱ ቁልቁል ይሰፋል። የግንባሩ ሳይነስ በራጅ መለየት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ዓመት አካባቢ ነው፤ እድገቱ እስከ ጉርምስና መጨረሻ ይቀጥላል። በአንድ ወገን ጭራሽ የሌለውም ሰው አለ፤ በሽታ አይደለም።

ስለዚህ ለሕፃን ራጅ ለማስነሳት መሯሯጡ ብዙም አይጠቅምም። ተራ ጉንፋንም ሳይነሱን በራጅ ላይ ያደፈርሰዋል፤ ያን አይቶ አንቲባዮቲክ መጀመር ስህተት ነው። የሳይነስ ኢንፌክሽን የሚያጠራጥረው ከ10 ቀን በላይ ሳይሻለው የቆየ ንፍጥ ወይም ሳል፣ ተሽሎት እንደገና የባሰበት ልጅ፣ ወይም 39 ዲግሪ ትኩሳትና መግል የመሰለ ንፍጥ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሲኖር ነው።

በዓይንና በአጠገቡ ባለው ሳይነስ መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ሊሻገር ይችላል። የዓይኑ ሽፋን ካበጠ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።

አንድ የአንገት በላይ ሐኪም